የስልኩን ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት የስክሪኑን ጠይቂ

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ሰላም ወንድሜ። መሐል ሜዳ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ጋላክሲ ኤስ 21 ከገዛሁ አራት ዓመት አለፈኝ። ባትሪው አሁን እኩለ ቀን አያደርሰኝም። ዘንድሮ የእቁብ ዕጣ ወጣልኝና አዲሱን ኡልትራ ልግዛ ብዬ ደብረ ብርሃን ወርጄ ዋጋ ጠየቅኩ። ክው አልኩ። ስልክ ለምን እንዲህ ተወደደ? ብጠብቅ ይወርዳል? አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ አይፎን ልላክልሽ ትለኛለች። ስልኩን የምፈልገው እንደማንኛውም ሰው ለቴሌግራም፣ ለቴሌብር፣ ለንባብ ነው። ተማሪዎቼን ይዤ ጓሳ ስወጣ ግን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ከሩቅ ማንሳት ደስ ይለኛል። ምን ትመክረኛለህ?»

እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ፤ ቅር እንዳይልሽ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሞባይል ስጠግን አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። እንደ ዘንድሮ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ የተጠየቅኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ጠያቂው ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር ይረሳል። የስልኩን ዋጋ ይጠይቃል፤ የስክሪኑን አይጠይቅም። ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ «ለምን ተወደደ» ያልሽውን እናንሳ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ያንቺኑ ስልክ እንያዝ። ኤስ 21 በ2021 መጀመሪያ ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ መነሻ ዋጋው 799 ዶላር ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2025 መጀመሪያ፣ ኤስ 25 ወጣ። መነሻው ስንት ይመስልሻል? 799 ዶላር። አንድ ዶላር አልጨመረም።

አሁን ወደ ብር አምጪው። በ2021 መጀመሪያ ዶላር በባንክ 39 ብር ገደማ ነበር። 799 ዶላር ማለት 31,000 ብር አካባቢ ነው። ኤስ 25 ሲወጣ ግን ዶላር ከ120 ብር አልፎ ነበር። ያው 799 ዶላር ወደ 100,000 ብር ተጠጋ። ቀረጡ፣ የአምጪው ድርሻ፣ የነጋዴው ትርፍ ገና አልተነካም። በዶላር ባለበት የቆመ ስልክ በብር ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ትልቁ ዝላይ የመጣው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ሰኞ ቀን። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ያን ሰሞን ከጫጫ የመጣ አንድ ልጅ አይረሳኝም። በግ ሸጦ፣ ከወንድሙ ተበድሮ፣ ብሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዟል። ዓርብ ዕለት ዋጋ ተነጋግሮ ሄዷል። ማክሰኞ ሲመጣ ባለሱቁ «ዛሬ ሽያጭ የለም» አለው። ስልኩ መስታወቱ ውስጥ ተደርድሮ ይታያል። ልጁ እኔ ጋ መጥቶ «ታዲያ ምን ሊያደርጉት ነው ያስቀመጡት?» ብሎ ጠየቀኝ። ባለሱቁም ክፉ ሆኖ አይደለም። ያንን ሸጦ በምን ብር ሌላ እንደሚያመጣ አላወቀም።

ስለዚህ ካስደነገጠሽ ዋጋ አብዛኛው የብራችን ጉዳይ ነው። ይህን የምልሽ ኩባንያዎቹን ነጻ ለማውጣት አይደለም። እነሱም የራሳቸውን ሠርተዋል።

አይፎን 10 በ2017 በ999 ዶላር ሲመጣ «ማን ይገዛዋል» ተብሎ ነበር። ተገዛ። ገዢ እንዳለ ከታወቀ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። ሳምሰንግ በ2019 የሚታጠፈውን ፎልድ በ1,980 ዶላር፣ በ2020 ደግሞ ኤስ 20 ኡልትራን በ1,399 ዶላር አወጣ። ኤስ 23 ኡልትራ 1,199 ነበር፤ በዓመቱ ኤስ 24 ኡልትራ 1,299 ሆነ። አንቺ የጠየቅሽው ይህን የላይኛውን ደርብ ነው። በዶላርም ሽቅብ የወጣው እሱ ነው። ታችኛው ደርብ እምብዛም አልተነቃነቀም።

ሳይጨምሩ የሚጨምሩበት ዘዴም አለ። አይፎን 15 ፕሮ ማክስ ሲመጣ «ዋጋ አልጨመርንም» ዓይነት ነበር ነገሩ። ግን ባለ 128 ጊጋውን አስቀሩት። ከ256 ጀመሩና መነሻው 1,099 የነበረው 1,199 ሆነ። ቻርጀሩንም አስቢው። አፕል በ2020፣ ሳምሰንግ በ2021 ከካርቶኑ አወጡት። ያንቺ ኤስ 21 ቻርጀር የሌለው የመጀመሪያው የኤስ ቤተሰብ ነው። የሚሞሪ ካርድ ቀዳዳውም የተወሰደው ከዚያው ስልክ ላይ ነው። ኤስ 20 ላይ ነበር። ድሮ ካርድ ትገዢ ነበር፤ አሁን ትልቁን ስቶሬጅ ከእነሱ ትገዢያለሽ። የኤስ 25 ኡልትራን እስክሪብቶ ብታይ ደግሞ ትስቂያለሽ። ዋጋው ያው 1,299 ሆኖ ብሉቱዙን አውጥተውታል። ድሮ በእስክሪብቶው ከሩቅ ፎቶ ማንሳት ይቻል ነበር፤ አሁን አይቻልም።

«ብጠብቅ ይወርዳል?» ላልሽው መልሴ አጭር ነው። አዲሱ አይወርድም። የእነዚህ ስልኮች ቺፕ የሚሠራው በጣት በሚቆጠሩ ፋብሪካዎች ነው፤ ቺፑ በረቀቀ ቁጥር ማሠሪያው ይንራል። በ2025 መጨረሻ ደግሞ የሚሞሪ ዋጋ ተሰቀለ። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ሚሞሪውን ጠራርገው እየገዙት ነው። ሚሞሪ በብዛት የሚሠሩት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው። ሦስቱም ከስልክ ይልቅ ለእነዚያ ቢሸጡ ያዋጣቸዋል። የሚሞሪ ንረት ከኡልትራ ይልቅ ርካሽ ስልኮችን ነው የሚጎዳው፤ ትርፋቸው ቀጭን ነውና። የሚወርደው ያገለገለው ነው። አዲስ ጋላክሲ የሚወጣው በፈረንጆቹ ዓመት መጀመሪያ፣ አይፎን ደግሞ በሴፕቴምበር ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የዓምናው ዩዝድ በገፍ ይመጣል። መጠበቅ ካማረሽ ያንን ጠብቂ።

ሰዉ ለዚህ ንረት ምን መልስ እንደሰጠ ከመጠገኛ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ አየዋለሁ።

መጀመሪያ የታየው መጠገን ነው። ድሮ ባትሪው የደከመ ስልክ የያዘ ሰው «ተወው፣ ልቀይረው ነው» ይለኝ ነበር። አሁን ያበጠ ባትሪ ይዞ፣ ጀርባው ተከፍቶ በጎማ ታስሮ ይመጣል። «እንደምንም አድርገህ አንድ ዓመት አቆይልኝ» ይላል። ዕድሜ ልኬን ስመኘው የነበረ ደንበኛ ነው፤ ግን ቅር እያለኝ ነው የምቀበለው።

ሁለተኛው እቁብ ነው። ድሮ እቁብ የሚገባው ለበሬ፣ ለቆርቆሮ፣ ለሠርግ ነበር። አሁን የስልክ እቁብ የገቡ ወጣቶች አውቃለሁ። አንዱ ዕጣ ሲወጣለት ሁሉም አጅበውት እኔ ጋ ይመጣሉ። እየተፈራረቁ ያዩታል። ከዚያ ዕጣ ላልወጣለት ያውሱታል።

ሦስተኛው ዝቅ ማለት ነው። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ትራንሽን የሚባል የቻይና ኩባንያ ነው ባለቤታቸው። አዲስ አበባ ውስጥም ይገጣጥማል። ዕቃቸው በየከተማው ስላለ ለጠጋኝ ምቹ ናቸው። የብዙዎቹ ጉድለት የሶፍትዌር ማሻሻያቸው ቶሎ መቋረጡ ነው።

አራተኛው መልስ መጥፎ ነው፤ ኮፒ። ላዩ ቁርጥ ኡልትራ፣ ውስጡ ሌላ። ባለፈው አንድ ሰው ከአለም ከተማ ድረስ ይዞልኝ መጣ። አራቱም ካሜራዎች ተደርድረዋል። በጣቴ ሦስቱን ሸፍኜ ፎቶ አነሳሁ፤ ፎቶው ምንም አልሆነም። የሚሠራው አንዱ ብቻ ነበር። ሌሎቹ መስታወት ናቸው። ሰውየው ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ «ባለቤቴ እንዳትሰማ» አለ።

አሁን ወደ ስክሪኑ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ደንበኛዬ ስክሪኑ ከዳር ከዳር የተቆለመመ ኡልትራ ነበረው። መናኸሪያ ከሚኒባስ ሲወርድ ከእጁ አመለጠው። አስፋልቱን የነካው አንድ ማዕዘኑ ብቻ ነው። ይዞት ሲመጣ ከላይ በግራ በኩል የስንዴ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ነበረች። «ትንሽ ናት» አለኝ። በማግሥቱ ነጥቧ ሳንቲም አከለች። በሦስተኛው ቀን አረንጓዴ መስመር ከላይ እስከ ታች ወረደ። እነዚህ ስክሪኖች እንደዚህ ናቸው። አንዴ አየር ከገባባቸው ቀለሙ እየተበላ ይሄዳል። መስታወቱን ብቻ ለይቶ መቀየር ይቻላል፤ ግን ማሽን ይፈልጋል፣ ደግሞ ከሥር ያለው ማሳያ ደኅና ሲሆን ብቻ ነው። የእሱ ማሳያው ሞቷል። አዲስ አበባ ደወልኩ። ኦርጅናል ስክሪኑ የተጠየቀበት ብር ከአንድ ጥሩ መካከለኛ አዲስ ስልክ ይበልጣል። ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ስልኩን አገላበጠ። ከዚያ «እንግዲያው ስልኩ የእኔ አልነበረማ» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አሁንም አስበዋለሁ። ሊያስጠግነው ካልቻለ የእሱ አይደለም ማለቱ ይመስለኛል።

«ኮፒ ስክሪን የለም ወይ?» ትይኝ ይሆናል። አለ። ግን ስልኩ ሌላ ስልክ ይሆናል። ኦርጅናሉ ማሳያ በራሱ የሚያበራ ቀጭን ነው። ርካሹ ኮፒ ከኋላው መብራት ያለው ወፍራም ነገር ነው። ከፍሬሙ ወጣ ብሎ ይቀመጣል፣ ፀሐይ ላይ አይታይም፣ ባትሪ ይበላል። ያንቺ ዓይነት ስልክ አሻራ የሚያነበው በስክሪኑ ሥር ነው። በርካሹ ኮፒ ውስጥ አሻራሽ አያልፍም። ደንበኛ «ስክሪን ቀየርክልኝና አሻራዬ ጠፋ» ብሎ ሲቆጣኝ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስቀድሜ አልነገርኩትም።

ለዚህ ነው ስልክ ለመግዛት ሱቅ ከመግባትሽ በፊት ጥገና ቤት ግቢ የምልሽ። ሦስት ነገር ጠይቂ። የዚህ ሞዴል ኦርጅናል ስክሪን ስንት ነው? ባትሪውስ? እዚህ ከተማ ይገኛል ወይስ ከአዲስ አበባ ይታዘዛል? ጠጋኙ ሳይደውል ከነገረሽ ዕቃው አለ ማለት ነው። ራሱን ከነቀነቀ ሌላ ሞዴል አስቢ። ለምሳሌ የጉግል ፒክስል ካሜራው ግሩም ነው። እኔ ግን እዚህ ላለ ሰው አልመክረውም፤ ሲሰበር አብረን ነው የምናለቅሰው።

ሒሳቡን በዓመት አካፍይው። ቁጥሩ የምሳሌ ነው። 90,000 ብር የወጣበት ስልክ ስድስት ዓመት ቢያገለግል በዓመት 15,000 ነው። 24,000 ብር የወጣበት ሁለት ዓመት ቢያገለግል በዓመት 12,000። ልዩነቱ እንዳስፈራሽ አይደለም። ግን ውዱ አንዴ ቢወድቅና ስክሪኑ 40,000 ቢሆን በዓመት ወደ 22,000 ገደማ ይሆናል። ያን ጊዜ ርካሹ በሰፊው አሸነፈ። ስለዚህ እጅሽ ስልክ የሚጥል ዓይነት ከሆነ ለራስሽ አትዋሺ።

አንድ ነገር ላክል፣ እናንተ ጋ ስለሚብስ። ብርድ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሱቄ በር ላይ ሰው ይቆማል። «30 ፐርሰንት እያለው ጠፋ» ይላሉ። ባትሪ ሲበርደው ውስጡ ያለው ኃይል ቶሎ አይወጣም። ስልኩ በድንገት ብዙ ሲጠይቀው ቮልቴጁ ይወድቅና ይዘጋል። ሞቅ ሲል ይመለሳል። ከባና ሥር፣ ከደረት ኪስ ውስጥ ያዢው። በረዶ ሆኖ ሳለ ግን ቻርጅ አታድርጊው፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች መሙላት ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳዋል። ሸዋ ሮቢት ያሉ ደንበኞቼ ችግራቸው ተቃራኒ ነው። እዚያ ባትሪው አይጠፋም፤ ቀስ ብሎ ያረጃል። በብርድ የጠፋ ይነሳል፣ በሙቀት ያረጀ ግን አይመለስም። ያንቺ ባትሪ ግን ብርድ ብቻ አይመስለኝም። አራት ዓመት በየቀኑ የተሞላ ባትሪ ደክሟል። አብዛኛው የስልክ ባትሪ ከ500 ሙሉ ዙር በኋላ 80 ፐርሰንት አካባቢ አቅም ነው የሚቀረው፤ አንቺ ያንን ካለፍሽ ቆይተሻል።

ስለ አሜሪካው አይፎን። የአክስትሽን ልጅ አመስግኛትና ሁለት ነገር ጠይቂያት። አንደኛ፣ ስልኩ ከኔትወርክ ድርጅት በወርሃዊ ክፍያ የተገዛ ነው ወይ? ከሆነ ብዙውን ጊዜ ክፍያው እስኪያልቅ ድረስ በዚያ ድርጅት ይቆለፋል። እዚህ ሲም አይቀበልም። «አንሎክድ» ይሁን በያት። ሁለተኛ፣ የስንት ነው? ከአይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው የሲም ካርድ ቀዳዳ የለውም። ኢሲም ብቻ ነው፤ ካርድ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ የተሠራ ሲም። ስልክ ሲሞትብሽ ሲሙን አውጥተሽ የባልሽ ቀፎ ውስጥ መክተት የለመድሽ ከሆነ ያንን ትሰናበቻለሽ። በቁጥር ከሚጠሩት አይፎኖች የሲም ቀዳዳ ያለው ከአሜሪካ የሚመጣ የመጨረሻው ቤተሰብ አይፎን 13 ነው። ዩዝድ ልትገዛልሽ ካሰበች «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብታ የሞዴል ቁጥሩን የመጀመሪያ ፊደል ትይልሽ። ኤም ከሆነ አዲስ ሆኖ የተሸጠ ነው። ኤፍ ከሆነ ታድሶ የተሸጠ። ኤን ከሆነ ለተበላሸ ስልክ ምትክ የተሰጠ። ኤፍና ኤን መጥፎ አይደሉም፤ ግን በኤም ዋጋ አይገዙም።

እኔ ራሴ በዚህ ተቃጥያለሁ። ጠጋኝ ነኝ ባይ። አዲስ አበባ ከአንድ ደላላ ዩዝድ አይፎን ገዛሁ። አብርቼ አየሁ፣ ደወልኩ፣ ካሜራውን ሞከርኩ። ሁሉም ይሠራል። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ላዘጋጀው ብዬ ሪሴት ሳደርገው፣ ያለበትን አጥፍቼ እንደ አዲስ ሳስጀምረው፣ የቀድሞው ባለቤት አካውንት ብቅ አለ። ይህ ቁልፍ ከ2013 ጀምሮ በየአይፎኑ አለ። ያለ ባለቤቱ ፓስወርድ የሚከፈት ነገር አይደለም። ደላላው ስልኩን አያነሳም። ሁለት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። በመጨረሻ ስክሪኑን ለሌላ ደንበኛ ገጠምኩለት፤ የደንበኛው ስልክ ግን «ኦርጅናል መሆኑ አልታወቀም» የሚል ማሳሰቢያ አወጣበት። ስክሪኑ ኦርጅናል ነው፤ ግን የዚያ ስልክ አይደለም። አፕል ዕቃውን ከቦርዱ ጋር ያጋባዋል።

ስለዚህ ዩዝድ ስትገዢ ብሩን ከመቁጠርሽ በፊት ሻጩ እፊትሽ ሪሴት ያድርገው። «ዳታዬ አለበት» ካለሽ «ግዴለም፣ ቡና ጠጥቼ እመለሳለሁ፣ አስቀምጠው» በይው። ሪሴት ሆኖ ያለ ማንም አካውንት «እንኳን ደህና መጡ» ድረስ ከደረሰ ገንዘብሽን አውጪ። ሳምሰንግ ከሆነ ኮከብ፣ መሰላል፣ ዜሮ፣ ኮከብ፣ መሰላል ደውዪ። የመፈተሻ ገጽ ይከፈታል። ቀዩን፣ አረንጓዴውን፣ ሰማያዊውን ሙሉ ስክሪን እያደረግሽ ተመልከቺ። የቀድሞው ባለቤት ሲጠቀምበት የኖረው ኪቦርድ እንደ ጥላ ከታየሽ ማሳያው ተቃጥሏል። ኮፒ ስልክ ላይ ይህ ገጽ ጭራሽ አይከፈትም ወይም ሌላ ነገር ይመጣል። የሞዴል ቁጥሩ መጨረሻ ኤን ከሆነ የኮሪያ ነው። ደኅና ስልክ ነው፤ ግን ፎቶ ስታነሺ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ብዙውን ጊዜ አይጠፋም። ጭላዳ ግድ የለውም፤ ቀይ ቀበሮ ግን ትሰማሻለች።

እንግዲህ ምን ግዢ ልበልሽ?

አዲሱን ኡልትራ አትግዢ። ብሩ ስላለሽ አይደለም የምትገዢው፤ ጓሳን ስላሰብሽ ነው። ለጓሳ የሚያስፈልግሽ ደግሞ እውነተኛ የሩቅ ሌንስ እንጂ የኡልትራ ስም አይደለም። ያንቺ ኤስ 21 ዙሙ በአብዛኛው ምስሉን ቆርጦ ማጉላት ነው፤ ለዚህ ነው ጭላዳው ጭቃ የሚመስለው። ዩዝድ ኤስ 24 ግዢ። በራሱ ሌንስ ሦስት እጥፍ ያቀርባል። ጭላዳ ሰው አይሸሽም፤ ሦስት እጥፍ ይበቃሻል። ለቀበሮዋ አይበቃም፤ ለእሷ ኡልትራውም ቢሆን ይቸገራል።

ለምን ኤስ 24፣ ለምን ኤስ 23 አይሆንም? ልዩነታቸው በእጅሽ ስትይዢው አይታወቅም። ግን ሳምሰንግ ለኤስ 23 የደህንነት ማሻሻያ የገባው ለአምስት ዓመት ነው፤ በ2028 ያበቃል። ለኤስ 24 የገባው ለሰባት ዓመት ነው፤ እስከ 2031። ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ የምትጠቀሚበት ስልክ ላይ ይህ ሦስት ዓመት ትልቅ ነገር ነው። ዩዝድ ሻጮች ሁለቱን በተቀራራቢ ዋጋ ሲያቀርቡልሽ ይህን ስለማያስቡት ነው። የኤስ 24 ስክሪን ጠፍጣፋ ነው፣ አልተቆለመመም። መከላከያ መስታወት በደንብ ይለጠፍበታል። ኦርጅናል ስክሪኑም ከኡልትራው በእጅጉ ይቀንሳል።

ዩዝድ ልብሽ ካልፈቀደ ጋላክሲ ኤ 56ን አዲስ ግዢ። ስድስት ዓመት ማሻሻያ አለው። የሩቅ ሌንስ የለውም፤ ለጭላዳ ጠጋ ማለት ሊኖርብሽ ነው። ከዚያ በታች መውረድ ካስፈለገ ኤ 16 አለ። እሱም ስድስት ዓመት ተገብቶለታል፤ የሚሞሪ ካርድም ይቀበላል። ግን ከኤስ 21 ወደ እሱ ከሄድሽ ፍጥነቱ ያናድድሻል። አልደብቅሽም።

ዋጋ በብር አልጻፍኩልሽም። ይህን አንብበሽ እስክትነሺ ይቀየራል።

የድሮውን ኤስ 21 ግን ለደላላ አትስጪው። የተገባለት የአምስት ዓመት የደህንነት ማሻሻያ እስከ 2026 ብቻ ነው። ስለዚህ ቴሌብሩንና ባንኩን ወደ አዲሱ አዛውሪ። ባትሪ ካስቀየርሽለት ግን ለመጽሐፍ ማንበቢያ፣ ለተማሪዎች ቪዲዮ ማሳያ ዓመታት ያገለግልሻል። የባትሪ ቅየራ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። እኔ ጋ ካመጣሽው ጀርባውን በሙቀት ነው የምከፍተው፤ ያንቺ ጀርባ ፕላስቲክ ስለሆነ አይሰነጠቅም። እሱ አንዱ የኤስ 21 ጥሩ ነገር ነው፤ ሲወጣ ሁሉም ሰድቦት ነበር።

ከመሐል ሜዳ በሞላሌና በጣርማ በር በኩል ስትመጪ ጠዋት ከሆነ ስልኩን ከነጠላሽ ውስጥ ያዢው። ባለፈው አንዲት የሞላሌ ሴትዮ ሱቄ ስትደርስ ስልኳ ጠፍቶ የማንን ቤት እንደምትፈልግ መደወል አቅቷት ጠባሴ ሰፈርን ሁለት ጊዜ ዞራለች። ሲሞቅ ተነሳ፤ 41 ፐርሰንት ነበረው።